ያልተሰፈረ ራሽን

ይህች በእጅ የምትጻፍ መጽሔታችን ከቤት ወደ ቤት ዞራ ስትመለስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ ሽታ። ገጾቿን ገልጠን ወደ አፍንጫችን ብናስጠጋ ጢስ ጢስ ትላለች። ጠርዟ ላይ ጥላሸት የነካው ጣት ያረፈበትም አይጠፋም። አንባቢዋ ከምጣድ አጠገብ ተቀምጦ፣ እሳቱን እያቆሰቆሰ እንዳነበባት ያስታውቃል። ስለ ግጥሙና ስለ ወጉ አስተያየት የሚልክልን ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሽታ ግን አንድም ሰው ጽፎልን አያውቅም። ሁላችንም ያንኑ ስለምንሸት ሽታ መሆኑን እንኳ ረስተነዋል።

እኛ የካኩማ ነዋሪዎች መቁጠርና መስፈር የለመድን ሰዎች ነን። ዱቄቱ በኪሎ ይሰፈርልናል፤ ዘይቱ በሊትር፤ ውኃው በጄሪካን። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ክፉኛ በተቀነሰ ጊዜ ከየቤቱ ስንት ጣሳ እንደ ጎደለ ሕፃን ልጅ እንኳ ይናገር ነበር። ዳሩ ግን ከምንበላውና ከምንጠጣው ሁሉ አብልጠን ወደ ሰውነታችን የምናስገባው ነገር አንድ አለ፤ እርሱም አየር ነው። ሰው ምግብ አጥቶ ሳምንታት ይቆያል፤ ውኃ አጥቶ ቀናት፤ አየር ያጣ እንደ ሆነ ግን ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። አንድ አዋቂ ሰው ሥራ ሳይሠራ ቢውል እንኳ በቀን 10,000 ሊትር ገደማ አየር ይተነፍሳል። ይኸን ውኃ በምንቀዳበት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ብንሰፍረው 500 ጄሪካን ይሆናል። በካርድ የማይወሰድ፣ ሰልፍ የሌለው ራሽን ይኸ ነው። ማንም አይቀንስብንም፤ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ጣራችን ሥር ነው።

እስቲ ካደግንበት ቤት እንጀምር። ብዙዎቻችን ያደግነው ከሣር ክዳን ሥር ነው። እሳቱ ከቤቱ መካከል ይነዳል፤ ጢሱ ወደ ላይ ይወጣና በሣሩ መካከል እየሾለከ ይበተናል። ማለዳ ከሩቅ ሆኖ መንደሩን ለሚመለከት ሰው እያንዳንዱ ጎጆ ራሱ የሚጤስ ይመስል ነበር። ያ ቤት ጤናማ ነበር ለማለት አንደፍርም። እናቶቻችን ገና በጉልምስናቸው እንደ አሮጊት ያስሉ ነበር፤ የአያቶቻችን ዓይን ያለ ልቅሶ ሲያለቅስ ይኖር ነበር። ቢሆንም የሣር ጣራ ይተነፍሳል፤ ቁመቱም ከፍ ያለ ነው።

እዚህ የምንኖርበት ቤት ሌላ ነው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱም ከተማሪ ደብተር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ቆርቆሮ ጢስ አያሳልፍም። ወደ ላይ የወጣው ጢስ ቆርቆሮውን ነክቶ ይመለስና ከሥር በተኛው ሕፃን ላይ ይወርዳል። እንግዲህ ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ከአገር ስንወጣ ቤታችንን ትተን እሳታችንን ይዘን መጣን። የሣር ቤቱን እሳት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አነደድነው።

«ታዲያ ለምን ውጭ አይነድም?» የሚል ይኖራል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ያገኘነው አንድ ትምህርት አለ፤ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ከማረማችሁ በፊት ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ጠይቁት የሚል ነው። ይኸ ምክር ከክፍል ውጭም ይሠራል። ስለዚህ በብሎካችን ከደጅ ደጅ እየዞርን፣ «ለምን ቤት ውስጥ ታበስላላችሁ?» ብለን ጠየቅን።

የመጀመሪያው መልስ ነፋሱ ነው። ይኸ ማስረዳት አያሻውም። የካኩማ ነፋስ ሲነሣ እሳቱን ከጉልቻው ነጥቆ ይወስደዋል፤ አቧራውንም ወጡ ውስጥ ያርሰዋል። ከዚህም በላይ የተነሣ ፍንጣሪ የስንቱን ጎረቤት ቤት እንደሚያቃጥል መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ያው ነፋስ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ዓይነት ነፋስ። በአገራችን አውቶቡስ ላይ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። «ዝጋው እንጂ! ነፋስ ሊመታን እኮ ነው!» ይባላል። አራስ ቤት፣ የታመመ ሰው ቤት፣ ሕፃን የተኛበት ቤት ተዘግቶና ታፍኖ ይውላል። ይኸ ፍርሃት ድንበር ተሻግሮ ከእኛ ጋር መጥቷል።

ሦስተኛውን መልስ መጀመሪያ ማንም አልነገረንም። የነገሩን ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ጎረቤታችን ናቸው። ጠዋት ማልደው ምጣዳቸውን ይጥዳሉ፤ የማሽላና የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራቸው በብሎኩ ውስጥ ያላገባውን ወንድ ሁሉ ያበላል። እኛም ከደንበኞቻቸው ነን። ጥያቄያችንን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እኔስ የምጋግረው ስላለኝ ነው። ባዶ ድስት ጥዳ ውኃ የምታንፈቀፍቅ ሴት ደጅ ላይ ተቀምጣ ታንፈቅፍቅ? ልጆቿ ምን እንዳልበሉ ሰፈሩ ሁሉ ይይላት?» አሉን።

ከዚህ በኋላ ጤና አጠባበቅን ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማር እንደማይቻል ተረዳን። በር ተዘግቶ የሚነደው እሳት የድንቁርና እሳት አይደለም፤ የክብር እሳት ነው። ክብሩን የማይጠብቅ ምክር ደግሞ ማንም አይቀበለውም።

ወደ ጢሱ እንመለስ። ጢስ አንድ ነገር አይደለም። አንደኛው ክፍል ደቃቅ ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው ቢባል፣ ሐኪሞች አጥብቀው የሚፈሩት ብናኝ ግን 2.5 ማይክሮንና ከዚያ በታች የሆነውን ነው። አፍንጫችን ትልቁን አቧራ ይይዘዋል፤ ይኸን ግን አይዘውም። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። ስለዚህ ጉዳቱ በሳል አያበቃም፤ ልብንና የአንጎልን የደም ሥር ይነካል፤ የዓይን ሞራም ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ቀን በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚገኘው ደቃቅ ብናኝ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በደንብ በማይናፈስ ቤት ውስጥ እንጨት ሲነድ ግን ብናኙ ሊታገሡት ከሚገባው መጠን እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ራሱ ድርጅቱ ይገልጣል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ፣ ከእነርሱም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንደ ነበሩ ገምቷል። ጢስ ያለበት ቤት ውስጥ የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ ዕድል እጥፍ ያህል ነው።

ሁለተኛው ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ይኸኛው አይታይም፤ አይሸትም፤ ዓይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቅበታል። በአገራችን «ከሰል አፈናቸው» እየተባለ የሚወራው የብዙ ሰው ሞት የዚህ ጋዝ ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ከሰሉ ፍም ሆኖ መጤሱን ካቆመ ጉዳት የለውም ብለን እናምናለን። ይኸ ትክክል አይደለም። ፍም የሆነ ከሰል ጢሱን ቢያቆምም ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። ስለዚህ ሌሊቱ ቀዘቀዘ ብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ቤት አስገብቶ መተኛት በምንም ምክንያት አይገባም። በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸውና ካቅለሸለሻቸው መጀመሪያ ወደ ውጭ መውጣት ነው፤ ምክንያቱን መመርመር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይኸን ሁሉ ለብሎካችን ብንናገር፣ «መምህር ደግሞ ማስፈራራት ያውቅበታል» ተብለን እንደምንታለፍ ስለምናውቅ፣ ነገሩን ራሱ ቤቱ እንዲናገር አደረግን። ከተማሪዎቻችን ጋር ከደብተር ላይ ነጭ ወረቀት ገነጠልን። በስድስት ቤት፣ በየቤቱ ሦስት ሦስት ወረቀት ሰቀልን፤ አንዱን ከምድጃው በላይ፣ አንዱን ልጆች ከሚተኙበት ራስጌ፣ ሦስተኛውን በውጭ በኩል ከጣራው ጥላ ሥር። ስፋቱና ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የምንጠብቀውም አንድ ሳምንት ነው። በሰባተኛው ቀን ወረቀቶቹን አውርደን በጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። በውጭ የተሰቀለው የአፈር መልክ ይዟል፤ አቧራ ነውና። ከምድጃው በላይ ያለው ጠቁሯል፤ ይኸንንም ሁሉም ጠብቆታል። ሰዉን ዝም ያሰኘው ከልጆቹ ራስጌ የወረደው ነው። እርሱም ጠቁሯል። ከምድጃው ወረቀት ጋር ብዙም አይለይም። አንዲት እናት ወረቀቱን አንሥታ በጣቷ ጠረገችው፤ ጣቷንም አየችው። ምንም አልተናገረችም።

ከስድስቱ ቤት ከሁሉ የጠቆረው የእማማ ቤት ወረቀት ነበር። አብሯቸው የሚኖረው የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ በሳንባ ምች ሐኪም ቤት ተኝቷል። እርሳቸውም ቢሆኑ ከመጋገራቸው በፊት ምጣዱን፣ ከጋገሩ በኋላ ደረታቸውን ይዘው ነው የሚነሡት። እኛ ያንን እንጀራ ስንበላ ዋጋውን ከፍለናል ብለን እናስብ ነበር። የከፈልነው የዱቄቱንና የእንጨቱን ነው፤ የሳንባውን የከፈሉት እርሳቸውና ሕፃኑ ናቸው።

ስለዚህ እንጀራ የምንበላው ወንዶች ተሰብስበን መጋገሪያ ሠራን። ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ አድርገን፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩልና መንገደኛ በሚያልፍበት በኩል የጭቃ ጡብ ግድግዳ አቆምን። ግድግዳው የተቀመጠ ሰው ራስ የሚከልል ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ ጣራው ድረስ ክፍት ነው። ድስቱ አይታይም፤ ጢሱ ይወጣል። የክብሩ ጥያቄ በግድግዳ ተመለሰ። ለጣራው ሸራ አልተጠቀምንም፤ ሸራ በፍንጣሪ ይያያዛል። አሮጌ ቆርቆሮ አዋጥተን ከዚያው አለበስነው።

ከዚያ ወደ ጉልቻው መጣን። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ምርጥ ምጣድ» የተባለው ምድጃ ተሠርቶ በየከተማው ሲዳረስ ብዙዎቻችን ሕፃናት ነበርን። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብብ፣ በፊት ማገዶ ማስገቢያ፣ በኋላ ጢስ መውጫ ያለው ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ በጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛውን ሙቀት ለነፋስ ይሰጣል፤ የተከበበ እሳት ግን ሙቀቱን ለምጣዱ ይሰጣል። እኛ ሲሚንቶ ስላላገኘን ጭቃውን ከአመድና ከተከተፈ ገለባ ጋር ቀጥቅጠን፣ ለቀናት አድርቀን፣ ቅርጹን አስመስለን ሠራነው። ሲሰነጠቅ እንለስነዋለን። እንደ ሲሚንቶው አይበረታም፤ ግን ይሠራል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ የእማማም ወጥ የባሰም የተሻለም አልሆነም። ጢሱ ግን ቀነሰ። እንደገና ነጭ ወረቀት ከሕፃኑ ራስጌ ሰቅለን ከሳምንት በኋላ ስናወርደው የአቧራ መልክ ብቻ ነበረው። ሕፃኑ ተፈወሰ ብለን አንጽፍም። አቧራው በሚበረታበት ወር ዛሬም ያስላል። ከዚያ ወዲህ ግን ሐኪም ቤት አልተኛም። እማማ ደግሞ በእንጨት የተረፈላቸውን ዱቄት ነገሩን፤ ቀድሞ ከቱርካና ሴቶች እንጨት ለመግዛት ከራሽናቸው ይሸጡት የነበረውን ዱቄት ማለታቸው ነው። ጢስ መቀነስ በዚህ ሰፈር ውስጥ ምግብ ማትረፍም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ምድጃ ብቻውን መድኃኒት ነው የሚል አሳብ እንዳይያዝብን እንፈራለን። በጓቲማላ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ ታላቅ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2011 ታትሟል። እኩሌቶቹ ቤተሰቦች የጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ተሰጣቸው፤ እኩሌቶቹ በቀድሞው እሳት ቆዩ። ምድጃው በደረሳቸው ቤቶች ሕፃናቱ የሚተነፍሱት ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ከባድ የሳንባ ምችም በሲሶ ያህል ቀነሰ። ቀለል ያለው የሳንባ ምች ግን ያን ያህል አልቀነሰም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበትና በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የተሻሻለ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ የሳንባ ምች እንዳልያዛቸው አሳየ። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ቆሻሻ ሲቃጠል፣ ትንባሆ ሲጨስ፣ የጎረቤት ጢስ ሲገባ፣ አንድ ምድጃ ብቻውን አየሩን አያጠራውም። ከሁለቱ ጥናቶች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ጢስን ከግማሽ ማድረስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ቤቱን በሞላ፣ ሰፈሩንም ጭምር ማሰብ ያሻል።

ስለዚህ በብሎካችን ሞክረን የጠቀመንን፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድመን እንጽፋለን፦

1ኛ. እንጨቱን ማድረቅና ማሳነስ። እርጥብ እንጨት ውኃውን እስኪያተን ድረስ ይጤሳል እንጂ አይነድም። ወፍራሙን ፈልጦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ በካኩማ ፀሐይ አይጠፋም። ደምቆ የሚነድ ትንሽ እሳት ታፍኖ ከሚጤስ ትልቅ እሳት ይሻላል።

2ኛ. ጥራጥሬውን ማታ መዘፍዘፍ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ቦሎቄ ፈጥኖ ይበስላል። ድስቱንም መክደን። እሳቱ ባጠረ ቁጥር ጢሱ ያጥራል።

3ኛ. ምጣድ መጋራት። ምጣድን ለማጋል የሚፈጀው እንጨት ብዙ ነው። ሦስት ጎረቤት በአንድ ቀን፣ በአንድ የጋለ ምጣድ ላይ ተራ በተራ ቢጋግር ሦስት ጊዜ ማጋል ይቀራል። ለወሬውም ይመቻል።

4ኛ. እሳትን በፌስታል አለማቀጣጠል። ይኸ በሰፈራችን እጅግ ተለምዷል። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲቃጠል የሚለቀው ጢስ ከእንጨት ጢስ የከፋ መርዝ አለበት። ጭራሮ፣ ደረቅ ሣርና የእንጨት ፍቅፋቂ ይበቃል።

5ኛ. ሕፃንን ከጢስ ማራቅ። እናት ሕፃን አዝላ ስትጋግር ሁለቱም የሚተነፍሱት አንድ ጢስ ነው፤ የሕፃኑ ሳንባ ግን ገና በማደግ ላይ ነው፤ ትንፋሹም ከአዋቂው ይፈጥናል። ለዚያች ሰዓት ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ከቤቱ ይፈለግ። አባት ሰው ነው።

6ኛ. ሁለት ቀዳዳ። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ቤት አየር አይለዋውጥም። ከመስኮቱ ትይዩ፣ ከግድግዳው ላይኛው ጫፍ ቆርቆሮው ሥር፣ አንድ ሁለት ጡብ ማውጣት ነው። ሞቃቱ አየር በላይኛው ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በታችኛው ይገባል። ለወባ ትንኝ የሚፈራ ሰው ቀዳዳውን በወንፊት መረብ ይጋርደው፤ በአጎበርም ይተኛ። ትንኝ ለማባረር ተብሎ የሚጤሰው ጢስ አጎበርን አይተካም።

7ኛ. ከመጥረግ በፊት ውኃ መርጨት። ደረቅ ወለል ሲጠረግ አቧራው ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። አንድ ጣሳ የዕቃ እጣቢ ለዚህ ይበቃል። አልጋ ልብሱንም በየጊዜው ፀሐይ ላይ ማስጣት።

ስለ ቡናም አንድ ቃል እንበል፤ ካላልን እንታማለን። የቡናችንን ሥርዓት ማንም ይተው አንልም። ከሁሉ ነገር ከተለየን በኋላ የቀረን እርሱ ነው። ዳሩ ግን ከሰሉ ደጅ ላይ ይቀጣጠል፤ ጀበናውም በሩ ተከፍቶ ከደጃፉ አጠገብ ይጣድ። ዕጣንም ጢስ ነው። መዓዛው ቢያምርም ሳንባ መዓዛ አያውቅም። ቆንጥረን እናጢስ፤ አራስና የሚያስል ሰው ባለበት ቤት ግን ይቅር።

የመጨረሻው ነገር ያ የምንፈራው ነፋስ ነው። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1882 ካስታወቀ ወዲህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በአየር እንደሚተላለፍ ታውቋል። ሕመምተኛው ሲያስል የሚወጣው ተሕዋስ በተዘጋ ቤት አየር ውስጥ ለብዙ ሰዓት ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ነፋስ ሲገባ ግን ይበተናል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በስምንት ሐኪም ቤቶች የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት አለ። በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለዋወጥ ነበር፤ ይኸም በመኪና ኃይል ከሚናፈሱት ውድ ክፍሎች ከእጥፍ በላይ ነው። መስኮት ሲዘጋ ግን የአየሩ መለዋወጥ በ18 እጥፍ አሽቆለቆለ። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው የሰፋ የጥንት ሕንጻዎችም ከአዲሶቹ በልጠው ተገኙ። ኮሮና በመጣበት በ2020ም ምክሩ ያው ነበር፤ ክፈቱ ነው የተባለው። እንግዲህ በሽታን የሚያመጣው የሚገባው ነፋስ ሳይሆን ታፍኖ የቀረው አየር ነው። ሕመምተኛው እንዳይበርደው ጋቢ ይደረብለት፤ መስኮቱ ግን ይከፈት።

ይኸን ስንጽፍ ጢሱን የሚተነፍሱት በአብዛኛው ሴቶችና ሕፃናት፣ ስለ ጢሱ የሚጽፈውና የሚያነበው ግን በአብዛኛው ወንዱ መሆኑን አንዘነጋም። የእማማን መጋገሪያ ለመሥራት የፈጀብን ሦስት ቀንና የጥቂት ሰዎች ጉልበት ነው። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ስንት ሺህ ምጣድ በዝግ ቤት ውስጥ እንደ ተጣደ ስናስብ፣ ሦስት ቀን ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ይገባናል። ወደ ሌላ አገር መሄዳችን፣ ወደ አገራችን መመለሳችን፣ የራሽኑ መጨመርና መቀነስ በሌሎች እጅ ነው። ከግድግዳው ራስ ሁለት ጡብ ማውጣት ግን በእጃችን ነው፤ የማንንም ፊርማ አይጠይቅም።

ስለዚህ ይህች መጽሔት ቤታችሁ በደረሰች ጊዜ፣ ከመካከሏ ያስቀመጥነውን ነጭ ወረቀት አውጡና ልጆቻችሁ ከሚተኙበት ራስጌ ስቀሉት። ሳምንት ከቆየ በኋላ አውርዳችሁ እዩት። ከጠቆረ ጥሩን፤ ጭቃ ለመርገጥ እንመጣለን። ጭቃውን ለማቡካት ግን ሁለት ጄሪካን ውኃ አስቀድማችሁ ቅዱ።